ለጉዞ ፎቶግራፍ የሚሆን አነስተኛ የእጅ አልበም፦ ሰንሱል፣ ስፌት፣ ቀለበት ወይስ ስፓይራል?

ከባሕር ዳር በጀልባ ወደ ዘጌ ተሻግሮ፣ ጢስ ዓባይን አይቶ፣ በደብረ ማርቆስ አድርጎ የዓባይን በረሃ ወርዶ ወደ ቤቱ የገባ ሰው በስልኩ ውስጥ ሦስትና አራት መቶ ፎቶ ይዞ መመለሱ የተለመደ ነው። ከእነዚህ መካከል ሃያውን ወይም ሠላሳውን መርጦና አሳትሞ በእጁ በሠራው ትንሽ አልበም ውስጥ ማኖር የሚፈልግ ሰው ብዙውን ጊዜ ከጌጡ ይጀምራል፤ ባለቀለም ወረቀት ይገዛል፣ ጥለት ይቆርጣል፣ ከዚያ በኋላ ገጾቹን በምን እንደሚያያይዛቸው ማሰብ ይጀምራል። እኔ የምመክረው ተቃራኒውን ነው። የወረቀቱ ውፍረት፣ የፎቶው መጠንና የማጣበቂያው ዓይነት ሁሉም ጥረዛውን ተከትለው የሚወሰኑ ስለሆኑ፣ አስቀድሞ መመረጥ ያለበት ጥረዛው ነው።

የፎቶ አልበም ከተራ ደብተር የሚለየው መወፈሩ ነው። የፎቶ ወረቀት ሩብ ሚሊ ሜትር ያህል ውፍረት ስላለው፣ በአንድ ቅጠል ፊትና ጀርባ ላይ ፎቶ ሲለጠፍ ግማሽ ሚሊ ሜትር ይጨምራል፤ ይህም በ20 ቅጠል 10 ሚሊ ሜትር ይሆናል ማለት ነው። ውፍረቱ የሚጨምረው ግን በገጾቹ መካከልና በአፋቸው በኩል እንጂ በተጠረዙበት ጀርባ በኩል አይደለም። በመጀመሪያ የሠራሁት አልበም ይህን ሳላውቅ አጥብቄ የሰፋሁት ባለ 24 ቅጠል ጥራዝ ነበር፤ ፎቶዎቹን ለጥፌ ስጨርስ ሣር የጠገበ በሬ መስሎ ሆዱ ተነፋ፣ ሽፋኑ አልገጥም አለ፣ ወር ሳይሞላውም ክሩ ወረቀቱን ቀደደው። ስለዚህ ከዚህ በታች አራቱን የጥረዛ ዓይነቶች የማነጻጽረው በዋናነት ይህን ውፍረት በሚችሉበት መጠን ነው፤ ቀጥሎም አልበሙን ማን እንደሚይዘው፣ ፎቶውም ወደፊት የሚጨመርበት እንደሆነና እንዳልሆነ እመለከታለሁ።

ሰንሱል ለአገራችን እንግዳ ያልሆነ አሠራር ነው። የጥንት ሠዓሊዎች ረጅም ብራና ወዲያና ወዲህ እያጠፉ በየእጥፋቱ ሥዕል ይሥሉበት ነበር፤ ሲዘረጋ እንደ ሰንሰለት የተያያዘ፣ ሲታጠፍ ደግሞ በመዳፍ የሚያዝ መጽሐፍ ይሆናል። ለጉዞ ፎቶ ያለው ትልቁ ጥቅም ጀርባ የሌለው መሆኑ ነው። ጀርባ ስለሌለው የሚጨናነቅበት ቦታ የለም፤ ፎቶ ሲጨመርበት በሁለቱም በኩል እኩል ይወፍራል። ክርም ሆነ መርፌ ስለማያስፈልገው፣ መቀስ፣ ማስመሪያና ማጣበቂያ ያለው ሰው በአንድ ከሰዓት በኋላ ሊጨርሰው ይችላል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ሁለት ኤ3 ወፍራም ወረቀቶች በቁመታቸው ለሁለት ሲሰነጠቁ 42 ሴንቲ ሜትር የሚረዝሙና 14.8 ሴንቲ ሜትር የሚሰፉ አራት ቁራጮች ይገኛሉ። እያንዳንዱ ቁራጭ በአራት እኩል ክፍል ሲታጠፍ አንዱ ገጽ 10.5 በ14.8 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ከዚያም የመጀመሪያው ቁራጭ የመጨረሻ ገጽ በሁለተኛው ቁራጭ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ሙሉ በሙሉ ይጣበቃል፤ በጠባብ ጠርዝ ብቻ ማጣበቅ ቶሎ ስለሚላቀቅ አልወደውም። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ፦ እጥፋቱ አንዱ ወደ ውስጥ አንዱ ወደ ውጭ እየተፈራረቀ እንዲቀጥል ሁለተኛውና አራተኛው ቁራጭ ተገልብጠው መጣበቅ አለባቸው፤ አለዚያ መጋጠሚያው ላይ ሁለት ተመሳሳይ እጥፋቶች ይገናኙና አልበሙ አልታጠፍም ይላል። በዚህ መንገድ ከአራቱ ቁራጭ 13 ገጽ ይገኛል። የመጀመሪያውና የመጨረሻው ገጽ ጀርባ ከካርቶን ሽፋን ጋር ስለሚጣበቅ፣ ከፊት 13፣ ከኋላ 11፣ በድምሩ 24 ፎቶ የሚይዝ አልበም ይሆናል።

ለዚህ መጠን የሚስማማው ፎቶ 7.5 በ10 ሴንቲ ሜትር ነው። ፎቶ ቤት ሄዶ ይህን መጠን መጠየቅ ግራ መጋባትን ስለሚያመጣ፣ ሁለት ፎቶ ጎን ለጎን በአንድ 10 በ15 ወረቀት ላይ እንዲያትሙ ማድረግና በቤት ለሁለት መቁረጥ ይቀላል፤ ወጪውም በግማሽ ይቀንሳል። ፎቶው በቁሙ ሲለጠፍ ከታች ለጽሑፍ አራት ሴንቲ ሜትር ያህል ይተርፋል። ሰንሱል ከሌሎቹ የሚበልጥበት ሌላው ነገር ሰፊ ትዕይንት ነው። የጮቄን ተራራ ወይም የዓባይን ሸለቆ ከዳር እስከ ዳር የሚያሳይ አግድም ፎቶ በሁለት ገጽ ላይ ሊንጣለል ይችላል፤ ነገር ግን ፎቶውን እንዳለ ለጥፎ ማጠፍ ገጹን ስለሚሰነጥቀው፣ በእጥፋቱ መስመር ላይ ቆርጦ በመካከል ሁለት ሚሊ ሜትር ክፍተት መተው ግድ ነው።

ጉድለቱም ግልጽ ነው። ቡና ተፈልቶ አልበሙ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር አንዱ ጫፍ ካመለጠ መላው አልበም ተዘርግቶ ምንጣፍ ላይ ይወርዳል፤ ልጆች ባሉበት ቤት ደግሞ ይህ ጨዋታ ሆኖ ይቀራል። በሽፋኑ ላይ ማሠሪያ ጥብጣብ ማድረግ ይረዳል እንጂ ፈጽሞ አያድንም። ከ24 ፎቶ በላይ ለማድረግ መሞከርም አያዋጣም፤ ርዝመቱ ሲበዛ በራሱ ክብደት መጋጠሚያዎቹን ይስባቸዋል።

ብዙ ፎቶ ላለውና ለዓመታት የሚቆይ ነገር ለሚፈልግ ሰው እኔ የምመርጠው ስፌትን ነው። በጎጃም ገዳማትና አድባራት ያሉትን የብራና መጻሕፍት በቅርብ ያየ ሰው፣ መጽሐፉ ሲገለጥ ከመካከሉ ጠፍጣፋ ሆኖ እንደሚተኛ አስተውሎ ይሆናል። ይህ የሚሆነው ጥራዞቹ፣ ማለትም አንድ ላይ የታጠፉት የቅጠል ክምችቶች፣ በጀርባቸው በሙጫ ተጣብቀው ሳይሆን በሰንሰለት ስፌት እርስ በርስ ተያይዘው ከእንጨት ገበታ ጋር ስለተሰፉ ነው። ክሩ በአዲሱ ጥራዝ ቀዳዳ ወጥቶ ከበታቹ ባለው ስፌት ሥር ይሾልክና ተመልሶ ይገባል፤ በጀርባው ላይ የሹሩባ ቅርጽ ያለው መስመር እየሠራ ይሄዳል። ለፎቶ አልበም ከዚህ የተሻለ አከፋፈት የለም፤ ገጹን በእጅ ተጭኖ መያዝ አያስፈልግም።

ለዚህ አልበም 12 ኤ4 ወረቀት ይበቃል። ወረቀቶቹ ለሁለት እየታጠፉ፣ ሁለት ሁለቱ አንድ ጥራዝ እየሆኑ፣ ስድስት ጥራዝ ወይም 24 ቅጠል ይሆናሉ። የገጹ ቁመት 21 ሴንቲ ሜትር ስለሆነ፣ በእጥፋቱ ላይ ከላይ በ2.5፣ በ7፣ በ14 እና በ18.5 ሴንቲ ሜትር አራት ቀዳዳ ይበሳል። ላይኞቹ ሁለት ቀዳዳዎች በአንድ ክር፣ ታችኞቹ ሁለቱ በሌላ ክር ይሰፋሉ፤ እያንዳንዱ ክር በሁለት ጫፉ መርፌ ይኖረዋል። ለመብሻ ሰፌድና መሶብ የሚሰፋበት ወስፌ ከገበያ ከሚገዛ ማንኛውም መሣሪያ አያንስም። ክሩ የጫማ ሰፊ ክር ቢሆን ይመረጣል፤ ሰም ካልተቀባ በቁራጭ ሰም ላይ ሁለት ሦስት ጊዜ መጎተት ነው፤ ሰም ከሌለ ደግሞ ጧፍ ይበቃል። ሰም የተቀባ ክር እርስ በርሱ አይተበተብም፣ ወረቀቱንም አይቀድም።

በመጀመሪያው አልበሜ ላይ የደረሰው እንዳይደገም የሚያደርገው ግን ስፌቱ ሳይሆን ማካካሻው ነው። ከዚያው ወረቀት አራት ሴንቲ ሜትር የሚሰፋ ቁራጭ ይቆረጥና ለሁለት ታጥፎ ከጥራዙ ወረቀቶች ጋር አብሮ ይሰፋል፤ በዚህም ከሁለት ሴንቲ ሜትር የማይበልጥ ጠባብ ቅጠል በየገጹ ሥር ይቀራል፣ የጀርባውም ውፍረት ከአፉ ጋር ይመጣጠናል። 200 ግራም የሚባለው (አንድ ካሬ ሜትሩ 200 ግራም የሚመዝነው) ወረቀት ውፍረቱ ከፎቶ ወረቀት እምብዛም ስለማይርቅ ሒሳቡ ቀላል ነው፦ በአንድ ቅጠል ላይ አንድ ፎቶ ከተለጠፈ አንድ ጠባብ ቅጠል፣ በሁለቱም ገጽ ከተለጠፈ ሁለት ጠባብ ቅጠል ያስፈልጋል። ሥራው አሰልቺ መሆኑን አልክድም፤ ይሁን እንጂ እርሱን የዘለለ ሰው ስፌቱን ባይጀምረው ይሻለዋል።

መጠኑን በተመለከተም አንድ ጥንቃቄ አለ። የገጹ ስፋት 14.8 ሴንቲ ሜትር ስለሆነ 10 በ15 የታተመ አግድም ፎቶ በሁለት ሚሊ ሜትር ምክንያት አይገባም። ቁመት ያላቸው ፎቶዎች በ10 በ15፣ አግድሞቹ ግን በ9 በ13 እንዲታተሙ አስቀድሞ ለይቶ መስጠት፣ በኋላ ጠርዝ እየቆረጡ የሰው ክንድ ከማጉደል ያድናል።

ቀለበትና ስፓይራል ብዙ ሐተታ አያስፈልጋቸውም። ለቀለበት የሚያስፈልገው የቢሮ ፓንቸርና ሁለት የሚከፈቱ የብረት ቀለበቶች ብቻ ናቸው፤ የተለመደው ፓንቸር ሁለቱን ቀዳዳ በ8 ሴንቲ ሜትር ርቀት ስለሚበሳ ገጾቹ ሁሉ ያለ ልኬት ይገጥማሉ። ቀለበቱ ሰፊ እስከሆነ ድረስ ውፍረት አያስጨንቀውም፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ ገጽ መጨመር፣ መቀነስና ማዘዋወር ይፈቅዳል። በየዓመቱ ጥር 23 ቀን እንጅባራ ላይ የሚከበረውን የአገው ፈረሰኞች በዓል የሚያዘወትር ሰው፣ ወይም የጉዞ ጓደኞቹ ፎቶ እየዘገየ የሚደርሰው ሰው፣ ሌላ አማራጭ ማየት የለበትም። በጣና ሐይቅ ያለው ክብራን ገብርኤል ሴቶች የማይገቡበት ገዳም ስለሆነ ባልና ሚስት አብረው ቢሄዱ የአንደኛው ፎቶ ከሌላው ፈጽሞ የተለየ ይሆናል፤ የሁለቱን ፎቶ በኋላ በአንድ ላይ ለማዋሐድ ቀለበት ይመቻል። ጉድለቱ ቀዳዳው ቶሎ መቀደዱ ነው፤ በቀዳዳው ዙሪያ በጀርባ በኩል ቁራጭ ጨርቅ ወይም ወፍራም ወረቀት ማጣበቅ ያስፈልጋል። መልኩም፣ እውነቱን ለመናገር፣ ከአልበም ይልቅ የመዝገብ ቤት ፋይል ይመስላል።

ስፓይራል በየፎቶ ኮፒ ቤቱ በደቂቃዎች የሚጠናቀቅ ስለሆነ ጊዜ ለሌለው ሰው ጥሩ ነው፤ ገጾቹም ዙሪያቸውን ሙሉ ይገለጣሉ። መጠንቀቅ የሚገባው ሠራተኛው የባዶውን ወረቀት ውፍረት አይቶ ጠባብ ስፓይራል እንዳያስገባ ነው። ፎቶ ሊለጠፍበት መሆኑን ነግሮ፣ ፎቶው በቅጠሉ በአንድ በኩል ብቻ ከሆነ የባዶውን ወረቀት ውፍረት እጥፍ፣ በሁለቱም በኩል ከሆነ ሦስት እጥፉን የሚይዝ ማስመረጥ ይገባል። ፕላስቲኩ ከተሰበረ ሊጠገን ባይችልም ወረቀቱ ሳይጎዳ በሌላ መተካት ይችላል።

ከሱቅ ስለሚገዛው ባለ ተለጣፊ ገጽ አልበም፣ ማለትም ፎቶው በሚያጣብቅ ካርቶን ላይ ተቀምጦ ላስቲክ ስለሚለብስበት፣ የምለው አጭር ነው፦ አይገዛ። ማጣበቂያው ከዓመታት በኋላ ቢጫ እየሆነ ፎቶውን ይይዘዋል፤ ሊያወጡት ሲሞክሩም ይቀደዳል። በብዙ ቤት የ1980ዎቹ የሠርግ ፎቶዎች የተበላሹት በዚሁ ምክንያት ነው። ኪስ ያለው የላስቲክ አልበም ይሻላል፤ ሲከፈት እንደ አዲስ ምንጣፍ የሚሸት ላስቲክ ግን ለፎቶ አይመከርም።

ወረቀት ሲመረጥ በተለምዶ «ሃርድ ፔፐር» የሚባለው ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። ለስፌት ከ160 እስከ 200 ግራም፣ ለሰንሱል 200፣ ለቀለበት እስከ 300 ግራም ድረስ ይሆናል፤ ተራው 80 ግራም የፎቶ ኮፒ ወረቀት ግን በማጣበቂያው እርጥበት ይጨማደዳል። ከውፍረቱ ይልቅ የሚረሳው የወረቀቱ የክር አቅጣጫ፣ ማለትም በወረቀቱ ውስጥ ያሉት ጭረቶች የተዘረጉበት አቅጣጫ ነው። ወረቀቱን በእጅ በቁመቱም በወርዱም ሳይታጠፍ ጎበጥ አድርጎ መሞከር ነው፤ በቀላሉ የሚጎብጥበት አቅጣጫ እጥፋቱ ሊሆንበት የሚገባው ነው። በተቃራኒው የታጠፈ ወፍራም ወረቀት በእጥፋቱ ላይ ይሰነጠቃል፤ ሰንሱል ላይ ደግሞ ይህ ጉዳት ሁሉንም ገጽ ያጠፋል።

ስለ ኅትመቱም ምርጫ አለ። በፎቶ ቤት ማሽን በኬሚካል የሚታጠበው ፎቶ ውኃ ቢነካው ወዲያው አይለቅም። በቀለም ማተሚያ የሚወጣው ግን እንደ ቀለሙ ዓይነት ይለያያል፤ አንዳንዱ አንድ የጣና ሞገድ ጠብታ ሲነካው ይፈሳል፤ ይህንም ከዘጌ ስመለስ በከረጢቴ ውስጥ በነበሩ ስድስት ፎቶዎች ላይ አይቼዋለሁ። ከማሳተም በፊት የተጣለ ቁራጭ ኅትመት ጠይቆ በረጠበ ጣት ማሸት ይህን በቅጽበት ያሳያል። ፎቶውን በቴሌግራም ወደ ፎቶ ቤት የሚልክ ሰው በተለመደው መንገድ ቢልከው ፎቶው ተጨምቆ ስለሚደርስ ጥራቱን ያጣል፤ እንደ ፋይል አድርጎ መላክ አለበት። ለ10 በ15 ጥሩ ኅትመት 1,200 በ1,800 ገደማ ነጥቦች ያስፈልጋሉ።

ለማጣበቂያ፣ በሁለት በኩል የሚያጣብቅ ፕላስተር ፎቶውን አያጨማድድም፤ ነገር ግን ከተለጠፈ በኋላ ማስተካከል አይቻልም። ነጩ ኮላ በስሱ ተቀብቶ በከባድ መጽሐፍ ሥር ሌሊቱን ካደረ ይጠነክራል፤ በብዛት ከተቀባ ግን ገጹን ያጎብጠዋል። በቤት የሚሠራው የዱቄት ሙጫ ርካሽ ቢሆንም ብልና በረሮ ይጠራል፤ በባሕር ዳር ሙቀትና እርጥበት ደግሞ ይሻግታል። እኔ ለማይተካ ፎቶ የምጠቀመው ከወረቀት የሚታጠፍ የማዕዘን ኪስ ነው፤ ኪሱ ገጹ ላይ ይጣበቃል፣ ፎቶው ግን ማጣበቂያ ሳይነካው አራት ማዕዘኑን ያስገባል፣ ሲፈለግም ይወጣል።

ከፎቶ ሌላ የሚገቡ ነገሮችም ጥረዛውን ይነኩታል። የዘጌ የቡና ቅጠል ወይም የመስከረም አደይ አበባ በጋዜጣ መካከል በከባድ ነገር ሥር ሁለት ሳምንት ያህል ሳይደርቅ ከገባ አጠገቡ ያለውን ፎቶ ያበላሻል። የአውቶቡስና የመግቢያ ደረሰኝ ላይ ያለው ጽሑፍ በሙቀት የሚታተም ከሆነ በጥቂት ዓመታት ስለሚጠፋ፣ ቅጂውን ማስገባት ይሻላል። መግለጫ ጽሑፍ በፎቶው ላይ ሳይሆን በገጹ ላይ ይጻፍ። ቀኑን ሲጽፉም ስልኩ የሚያሳየው የፈረንጆችን አቆጣጠር መሆኑ አይዘንጋ፤ ስልኩ ሴፕቴምበር 27 ቀን 2024 የሚለው የመስቀል ፎቶ በእኛ መስከረም 17 ቀን 2017 ዓ.ም. የተነሣ ነው። ይህ ሳይታረም ቀርቶ የቤተሰብ ክርክር የሆነበት አልበም አይቻለሁ።

እንግዲህ በአንድ ቀን ጢስ ዓባይ ደርሶ የተመለሰ፣ ከባሕር ዳር 30 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ የተጓዘና 15 ፎቶ የመረጠ ሰው ስፌት ውስጥ መግባቱ ድካም ነው፤ ሰንሱል ይሥራ። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ደብረ ማርቆስን፣ ዘንገና ሐይቅን፣ ባሕር ዳርንና የጣናን ገዳማት አዳርሶ ከ30 በላይ ፎቶ ያለው ሰው ስፌትን ይምረጥ፤ ሁለት ምሽት ይወስድበታል። ለአያት የሚሰጥ አልበም ከሆነ፣ ፎቶው ጥቂት ቢሆንም እንኳ፣ ስፌት ይሻላል፤ በዕድሜ የገፉ ሰዎች በጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው ገጽ በገጽ መግለጥ ስለሚወዱ ሰንሱል ያስቸግራቸዋል። ለተማሪዎች የጋራ ጉዞ ስፓይራል፣ ገና ላላለቀ ጉዞ ቀለበት ይበቃል።

የትኛውም ቢመረጥ አልበሙ ካለቀ በኋላ ለሁለት ቀን በጠፍጣፋ ጣውላና በከባድ ድንጋይ ሥር መቆየት አለበት፤ ቀለበትና ስፓይራል ግን በብረታቸውና በፕላስቲካቸው በኩል አይጫኑም። ከዚያ በኋላ ከአሮጌ ጋቢ ወይም ከወፍራም ሸማ ልክ የሆነ ማኅደር ሰፍቶ ማልበስ ነው። የብራና መጻሕፍት በቆዳ ማኅደር ገብተው በግድግዳ ኩላብ ላይ የሚንጠለጠሉት ከአቧራና ከአይጥ እንዲርቁ ነው፤ ለፎቶም ከላስቲክ ከረጢት ይልቅ እርጥበት የማያፍን ጨርቅ ይስማማዋል። የማኅደሩ አፍ ከአልበሙ አፍ አንድ ሴንቲ ሜትር ይስፋ፤ አልበሙ ገና ይወፍራልና።